ፋይል በአማላጅ

ኧረ ጉድ ነው! ፋይል ለመክፈት አማላጅ የሚላክበት ዘመን ላይ ደረስኩላችሁ። ባለቤቴን ሳስጠይቅ ሦስት ሽማግሌ ልኬያለሁ፤ አንደኛው መንገድ ላይ ወዳጅ አግኝቶ ጠላ ቤት ቀረና ነገሩ በሁለቱ አለቀ። የደመወዝ ፋይል ለመክፈት ግን በዕድሜዬ ማንንም ልኬ አላውቅም። ተከፈት እለዋለሁ፣ ይከፈታል። አልከፈትም ካለም የኮምፒውተሩን ጎን በመዳፌ ቸብ ቸብ ሳደርገው ልቡ ይመለሳል። በእኔና በዲስኬ መካከል ሰው ገብቶ አያውቅም።

ዘንድሮ ገባ። ገባች ልበል እንጂ።

መሥሪያ ቤታችን አንዲት ወጣት ፕሮግራመር ቀጠረ። ጨዋ ልጅ ናት፤ እኔ ሳልቀመጥ አትቀመጥም፣ "ጋሼ" ሳትል አትጠራኝም። ጡረታ ልወጣ ጥቂት ወራት ስለቀሩኝ የደመወዝ ፕሮግራሜን እንዳስረክባት ታዘዝኩ። ኮዱን ከፈትኩላት። ከላይ ጀምራ እያነበበች ወረደች። ሐኪም የራጅ ፊልም ወደ መብራት አንሥቶ ዝም ሲል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ዝም አለች።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይኼ ኮድ አይፈተንም" አለችኝ።

"አይፈተንም? ሃያ ዓመት ሲፈተን ኖሮ! በየወሩ መጨረሻ ሠራተኛው ሁሉ ነው የሚፈትነው። አንድ ብር ብትጎድል ማን ዝም የሚል ይመስልሻል?"

"እሱማ ፈተና አይደለም ጋሼ፣ ሰልፍ ነው።"

ዝም አልኩ። ወድጄ አይደለም፣ መልስ ስላጣሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእኔ ፋንክሽን ሁለገብ ነው፤ የሠራተኞቹን ዝርዝር ከዲስክ ይከፍታል፣ ደመወዙን ያነባል፣ 7 በመቶ ጡረታ ይቀንሳል፣ ግብሩን ያነሣል፣ የቀረውን ጽፎ ይዘጋል። አንድ እናት ገበያ ወርዳ፣ ሸምታ፣ ፈጭታ፣ ጋግራ፣ አቅርባ እንደምታበላው ማለት ነው። በእኛ ዘመን እንዲህ ያለው ሥራ ያስመሰግን ነበር። ልጅቷ ግን ምን አለችኝ መሰላችሁ? "7 በመቶው በትክክል መቀነሱን ብቻ ማየት ብፈልግ፣ ዲ ድራይቭ ያለው ኮምፒውተር፣ ዲ ላይ የተባለው ፎልደር፣ ፎልደሩ ውስጥ የተባለው ፋይል ያስፈልገኛል። ወጡ ጨው በዝቶበት እንደሆነ ለመቅመስ መርካቶ ድረስ ልውረድ ጋሼ?"

ምላስ ይሏችኋል ይሄ ነው።

እኛ እኮ በዲስክ የተቀጣን ትውልድ ነን። የፋይል ስም ከስምንት ፊደል አይበልጥም፣ ከነጥቡ በኋላ ሦስት፣ አለቀ። "ደመወዝ" ብለን በአማርኛ መጻፍ የማይታሰብ ነበር። ፍሎፒው 1.44 ሜጋባይት ይይዛል፤ ዛሬ በስልክ የሚነሣ አንድ ፎቶ አይገባበትም። ፕሮግራሜን በመጀመሪያ በክሊፐር ጻፍኩት፤ ሲነሣ "የትኛው ድራይቭ?" ብሎ ይጠይቃል፣ ኤ ወይም ሲ ብለህ ትመልሳለህ፣ ይሠራል። መሳቢያዬ ውስጥ ደግሞ "ሙሉ ነው፤ አትንኩ" የሚል ወረቀት የተለጠፈበት አንድ ፍሎፒ ነበረኝ። ስለ እሱ በኋላ። ኋላ ሁሉን ነገር ወደ ሲ ሻርፕ ስናዞር ጥያቄውን አወጣሁትና "ዲ ድራይቭ" ብዬ ኮዱ ውስጥ ጻፍኩት። ምን ያስጠይቃል? ሁልጊዜ ዲ ነው።

ልጅቷ ያንን መስመር ስታይ ትንሽ ሳል ያዛት።

ከዚያ ስብከቱ መጣ። ማይክል ፌዘርስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ አሮጌ ኮድ መጽሐፍ አሳትሟል አሉ። በእሱ አነጋገር አሮጌ ኮድ ማለት ዕድሜው የገፋ ሳይሆን ቴስት የሌለው ነው፤ ትናንት ማታ የተጻፈም ቢሆን። በዕድሜዬ ቢሰድበኝ ምን ነበረበት! ደግሞም ፋይል ሲስተም የሚነካ ቴስት ዩኒት ቴስት ሊባል አይገባውም ይላል፤ ዳታቤዝና ኔትወርክ የሚነካውም እንደዚያው። ኮድ ውስጥ "ስፌት" ሊኖር ይገባል ይላል፤ ጨርቁን ሳትቀድ፣ በስፌቱ በኩል ብቻ ፈተህ ሌላ ነገር የምትገጥምበት ቦታ።

ስፌት ሲባል ደግሞ ገባኝ። የድሮ ልብስ ሰፊ ልጁ ያድጋል ብሎ የሱሪውን ጫፍ አጥፎ ይሰፋ ነበር፤ በዓመቱ ፈትቶ ያረዝመዋል። የእኔ ኮድ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጆንያ ነው። ካልቀደዱት አይከፈትም። "ፋይል" ብዬ ጠርቼ "ሪድ ኦል ቴክስት" ስለው ቀጥታ ዲስኩ ላይ ነው የሚወርደው፤ በመካከል እጅ ማስገቢያ የለውም።

እንግዲህ አማላጁ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ልጅቷ ኢንተርፌስ የሚባል ነገር ጻፈች። ሦስት ቃል ብቻ የሚያውቅ ሽማግሌ ነው፦ "አንብብ"፣ "ጻፍ"፣ "አለ ወይ?"። የእኔ ፋንክሽን ከእንግዲህ ዲስክ የሚባል ነገር መኖሩን አያውቅም፤ ሽማግሌው ሲመጣ ተቀብሎ በእሱ በኩል ይጠይቃል። ሽማግሌው ከማን ቤት እንደመጣ አይጠየቅም። የወሩ መጨረሻ ሲሆን እውነተኛው ይላካል፤ እሱ ዲስኩ ላይ ይጽፋል። ሲፈተን ግን የሚላከው ሌላ ነው፤ ዲስክ አይቶ የማያውቅ፣ የፋይሉን ስምና ይዘቱን ማስታወሻው ላይ ብቻ የሚይዝ።

"ይኼማ እቃ እቃ ነው!" አልኳት። ልጆች ቆርኪ ሰብስበው ድስት ነው፣ ጭቃውን ወጥ ነው፣ ቅጠሉን እንጀራ ነው የሚሉት ጨዋታ።

"አዎ ጋሼ፣ እቃ እቃ ነው" አለች፣ ምንም ሳታፍር። "ለጨው መቅመሻ ይበቃል።"

እቃ እቃውን በእጇ ጻፈችው፤ አንድ ገጽ አይሞላም። ደግሞ ብቻዋን ያበደች መስሎኝ ነበር፤ ለካ ዓለሙ ሁሉ ተያይዞታል። ለሲ ሻርፕ "ሲስተም አይኦ አብስትራክሽንስ" የሚባል የተዘጋጀ አለ። ለጃቫ ጎግል "ጂም ኤፍ ኤስ" የሚባል ሠርቷል፤ ለፓይተን "ፓይ ፌክ ኤፍ ኤስ" አለ። "ጎ" የሚባለው ቋንቋ ጭራሽ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው 1.16 እትሙ የንባቡን አማላጅ ከነእቃ እቃው ከቋንቋው ጋር አስረክቧል። ትልልቅ ሰዎች፣ ደመወዝተኞች፣ ቁጭ ብለው ቆርኪ ሲሰበስቡ ይውላሉ።

እኔን ግን ያቃጠለኝ ቡናው ነው። በፊት አንድ ነገር ነካክቼ ለማየት ፋይሎቹን እገለብጣለሁ፣ ፕሮግራሙን አስነሣለሁ፣ ዲስኩ እርር እርር ይላል፣ እኔም "እስኪጨርስ" ብዬ ወደ ቡናው እወጣለሁ። ሁለተኛው ስኒ ላይ ስደርስ አልጨረሰም፤ ወሬው ይቀጥላል። የልጅቷ ቴስት ቁልፉን ነክታ ጣቷን ሳታነሣ ያልቃል፤ ዲስክ ስለማይነካ የሚጠበቅ ነገር የለም። ሁሉም አረንጓዴ። ወዴት ልውጣ? ምን እየጠበቅኩ ነው ልበል? እንዲህ ነው አንድ ባህል የሚጠፋው።

ሰዓቱም ቢሆን አልቀረለትም። "ጋሼ፣ ፕሮግራሙ ዛሬ ስንት ቀን ነው ብሎ ኮምፒውተሩን ቀጥታ ይጠይቃል" አለች። ታዲያ ማንን ይጠይቅ? ለካ ለሰዓቱም አማላጅ ያስፈልጋል። የፋይሉ ስም ከቀኑ ስለሚሠራ ጳጉሜን 6 ቀን ምን እንደሚፈጠር ማየት ፈልጋ ነው። ያለ አማላጅ እስከ 2019 መጠበቅ ሊኖርብን ነው። "ጳጉሜን ደመወዝ የለውም፣ አትድከሚ" አልኳት። ለወር ደመወዝተኛ ከዚህ የበለጠ የተፈተነ እውነት የለም።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ እያጉረመረምኩ ነበር። ከዚያ ዝም ያልኩበትን ምክንያት ልንገራችሁ፤ ለባለቤቴ እንኳን ነግሬያት አላውቅም።

ከብዙ ዓመታት በፊት እኔም ቴስት ጽፌ ነበር። አዎ፣ እኔ። የውሸት ሠራተኞች ዝርዝር ዲ ላይ ይጽፋል፣ ያሰላል፣ ውጤቱን ያያል፣ ሲጨርስ እንደ ጨዋ ሰው ፎልደሩን ጠራርጎ ይወጣል። በእኔ ኮምፒውተር ላይ እንደ ሰዓት ይሠራ ነበር። አንድ ቀን ገንዘብ ያዧ ክፍል ሄጄ "እዚህም ይሠራ እንደሆነ ልየው" ብዬ አስነሣሁት። በእሷ ኮምፒውተር ላይ ያ ፎልደር እውነተኛው ነበር። ቴስቱ ጻፈ፣ አሰላ፣ "ትክክል" አለ፣ ጠራርጎም ወጣ። የስንት ወር ደመወዝ ይዞ ወጣ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእኔ የተተረተ ነው። ሁለት ሌሊት ከወረቀቱ እያየን መልሰን ጻፍነው። ገንዘብ ያዧ እስከ ጡረታዋ ድረስ ከእኔ ጋር ቡና አልጠጣችም። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቴስት የሚባል ነገር አልነካሁም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው፤ ጥፋቱ የቴስቱ አልነበረም፣ በስፌት ፈንታ "ዲ" ብዬ የጻፍኩት የእኔ ነበር።

ይህን ለልጅቷ አልነገርኳትም። ግን እቃ እቃዋን ማጉረምረሜን ቀነስኩ። ቆርኪ ቢደፋ የማንም ጓዳ አይራቆትም።

ከዚያ ይባስ ብላ መብራት የሚያጠፋ አማላጅ ሠራች። እንዲህ ያለውን ለማየት በቃሁ! መጻፍ ይጀምራል፣ መሐል ላይ ሲደርስ በድን ይሆናል። ሌላውን ደግሞ "ዲስኩ ሞልቷል፣ ቦታ የለም" ብሎ እንዲጮህ አደረገችው። "ልጄ፣ በዚህ ሀገር መብራት ጠፋ ብሎ የሚያስመስል ሰው ይቀጠራል? ትንሽ ብትታገሺ እውነተኛው ራሱ ይመጣ ነበር" አልኳት። ሳቀች፣ አስነሣችው። ቀይ!

ምን ሆነ መሰላችሁ? የእኔ ኮድ አዲሱን ዝርዝር የሚጽፈው አሮጌው ላይ ነው። መሐል ላይ ሲቋረጥ አሮጌው ጠፍቷል፣ አዲሱ አልሞላም። ከ"ሀ" እስከ "መ" ያሉት ሠራተኞች ደመወዛቸውን ይበላሉ፤ ከ"ሠ" ጀምሮ ያሉት ከመሥሪያ ቤቱ ይሰረዛሉ። መድኃኒቱም ቀላል ነበር፦ አዲሱን በጎን በሌላ ስም ጽፈህ ትጨርሳለህ፣ ሙሉ በሙሉ ዲስኩ ላይ መድረሱን ታረጋግጣለህ፣ ከዚያ ስሙን በአሮጌው ስም ትለውጠዋለህ። ስም መለወጥ አንድ ጊዜ የሚፈጸም ነገር ነው፤ ወይ አሮጌውን ታገኛለህ፣ ወይ አዲሱን፣ ግማሽ የለም። ሃያ ዓመት ሙሉ የጠበቀን ጀነሬተሩ ነው እንጂ እኔ አልነበርኩም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ አባቶች፤ እኔ ሳልጠረጥር ሳልመነጠር መኖሬ የእግዜር ነገር ነው።

ግን ተሸንፌ የቀረሁ እንዳይመስላችሁ። የእኔም ቀን መጣ።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ የእያንዳንዱ ሠራተኛ የደመወዝ ወረቀት በራሱ ስም ፋይል ይሁን አሉ። ልጅቷ ጻፈችው፤ ቴስቱን በእቃ እቃው አስነሣችው፣ ሁሉም አረንጓዴ። እኔ ዝም ብዬ መነጽሬን ጠረግሁ። እውነተኛው ዲስክ ላይ ስታስነሣው ፕሮግራሙ አንድ ሠራተኛ ላይ ደርሶ ተደነቃቀፈ፤ "ኃ/ማርያም" ላይ። እንግዲህ እኛ "ኃይለ" ብሎ መጻፍ ይታክተንና በእዝባር እናሳጥረዋለን፤ ወ/ሮ፣ ዶ/ር፣ ጽ/ቤት። ኮምፒውተር ግን እዝባር ሲያይ የፎልደር ደጃፍ ነው የሚመስለው። "ኃ" የሚባል ፎልደር ውስጥ ገብቼ "ማርያም" የሚባል ፋይል ልጻፍ ብሎ ይሄዳል፤ ፎልደሩ የለም፣ ይወድቃል። እቃ እቃው ይህን ከየት ያውቃል? ለእሱ ስም ስም ነው፤ የተሰጠውን ማስታወሻው ላይ ይጽፋል።

"ሌላም አለ" አልኳት፣ ወንበሬ ላይ ተደላድዬ። በእኔ ዘመን ሠራተኛውን በመለያ ቁጥሩ እንጂ በስሙ ያልጠራሁት ስንፍና መስሏት ነበር። የሐምሌን ዝርዝር አንዷ ጸሐፊ "ሀምሌ" ብላ ታስቀምጠዋለች፣ ሌላዋ "ሐምሌ"፣ ሦስተኛዋ "ሃምሌ"። ለእኛ ያው ክረምት ነው። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ግን እያንዳንዱ "ሀ" የየራሱን ቁጥር ይዞ ነው የገባው፤ ለኮምፒውተሩ ሦስት የማይተዋወቁ ወራት ናቸው። ፈረንጆቹ በትልቁና በትንሹ ፊደላቸው ይጣላሉ፤ ዊንዶውስ አንድ ናቸው ሲል ሊኑክስ ይለያቸዋል። እኛ ትልቅና ትንሽ የለንም ብለን ስንኮራ፣ ለካ የእኛ ጣጣ ሁለቱም ዘንድ ነው።

ደግሞ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ርእስ ታውቃላችሁ፤ በ"የ" ይጀምርና ትንፋሽ ሳይሰጥ ሦስተኛው መስመር ላይ ይደርሳል። ጸሐፊዎቻችን እሱኑ የፋይል ስም ያደርጉታል። ዊንዶውስ ላይ ይገባል። አዲሱ ሰርቨራችን ግን ሊኑክስ ነው፤ እዚያ በተለመደው የፋይል ሲስተም አንድ ስም ከ255 ባይት አይበልጥም። የእኛ አንድ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይበላል። ቢካፈል 85 ፊደል ነው። የእኛ መሥሪያ ቤት ርእስ በ85 ፊደል ገና "በተመለከተ" የሚለው ጋር አልደረሰም።

ልጅቷ ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ ትጽፍ ጀመር። ያን ቀን ምሳዬን በደስታ በላሁ።

በስተመጨረሻ ታረቅን። ስሌቱ ዲስክ የሚባል ነገር ሳያውቅ ለብቻው ተቀመጠ፤ ቁጥር ይቀበላል፣ ቁጥር ይመልሳል፣ አማላጅም አይፈልግ። ስም ማሳጠር፣ መንገድ መምረጥ፣ ሲቋረጥ ምን ይደረግ የሚለው በእቃ እቃው ይፈተናል። ሽማግሌው ራሱ ግን፣ እውነተኛው፣ ጥቂት ቴስት በእውነተኛ ዲስክ ላይ ይቅመስ ተባለ፤ ለእያንዳንዱ ቴስት የራሱ ጊዜያዊ ፎልደር ተከፍቶ፣ ሊኑክሱም ላይ ዊንዶውሱም ላይ። ሁለት ቴስት በአንድ ፎልደር አይገባም፤ ሁለት ሴት በአንድ ምጣድ እንደማይጋግሩ። እነዚያ ጥቂት ቴስቶች ትንሽ ይዘገያሉ፤ ቡና ባይሆን ለአንድ ጉንጭ ውኃ ይበቃሉ። "ኃ/ማርያም" ከእነርሱ መካከል የመጀመሪያው ነው፤ እኔ ነኝ ስሙን የሰጠሁት።

በመጨረሻው ሳምንት ጠረጴዛዬን ሳጸዳ ልጅቷ ልታግዘኝ መጣች። መሳቢያውን ሳበችና ያችን ፍሎፒ አገኘቻት፤ "ሙሉ ነው፤ አትንኩ"።

"ጋሼ፣ ይቺ ምንድን ናት?"

ነገርኳት። አፏ ድረስ በማይረባ ነገር የሞላኋት ፍሎፒ ናት። ፕሮግራሙ "የትኛው ድራይቭ?" ሲል እሷን አጉርሼው "ኤ" እላለሁ፤ ቦታ ሲያጣ ምን እንደሚሆን አያለሁ። ዲ ብዬ ከጻፍኩ በኋላ ግን የምትገባበት ስለጠፋ እዚሁ ቀረች።

ልጅቷ ፍሎፒዋን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ ቀረች። "ጋሼ፣ ታዲያ እርስዎ እኮ ቀድመውኛል። ይቺ የእቃ እቃ ዲስክ ናት። 'የትኛው ድራይቭ?' የሚለው ደግሞ ስፌቱ ነበር። አውጥተው የጣሉት እርስዎ ነዎት።"

እንግዲህ ምን ይባላል? ሦስት አስርት ዓመት ሙሉ አማላጅ ልኬ አላውቅም ስል የኖርኩት ሰውዬ፣ የመጀመሪያውን ሽማግሌ ራሴው ልኬ፣ ራሴው መንገድ ላይ ጠላ ቤት አስቀርቼዋለሁ።

"ውሰጃት" አልኳት። "ርስት ናት።"

"ይሠራል ጋሼ?"

"እስቲ ፈትኚው።"

ኮምፒውተሯን በግራ አየችው፣ በቀኝ አየችው፣ ከኋላም አዞረችው። ፍሎፒ የሚገባበት ቀዳዳ የለም። እኔም ራጅ እንደሚያይ ሐኪም ፊቴን አኮስትሬ ትንሽ ቆየሁና፣

"ይቅርታ አድርጊልኝና ልጄ፣" አልኳት፣ "አይፈተንም።"